ሁለት ፊደልና አንድ መርፌ

የእህቴን የሪፈር ወረቀት ሚኒባስ ውስጥ ያነበብኩት ለሕክምናው አስቤ አልነበረም። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር እጄ ከገባ ሳላርም አላሳልፍም። የሰርግ ካርድ አርማለሁ፣ የምግብ ቤት ሜኑ አርማለሁ፣ የመድኃኒት ቤት ታፔላ መንገድ ላይ ቆሜ አርማለሁ። ባለቤቴ “አንተ ሰውዬ፣ ምግቡን እዘዝ እንጂ አትረመው” እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች። ያን ቀንም እህቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እያቃሰተች፣ እኔ ወረቀቱን ገልጬ የሰዋስው ስህተት ፍለጋ ገባሁ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። እሷ የራሷን ትምህርት ትታ፣ ኮረሪማና ጥምዝ እየነገደች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። እስካሁንም ሺሺንዳ ገበያ ውስጥ ቦታዋን የሚነካባት የለም። ምላሷ ስለት ነው። አገሩ ሁሉ “እርስዎ” ሲለኝ እሷ በገበያው መሃል “አንተ፣ ሸሚዝህን ቆልፍ” ትለኛለች። ከሰው ሁሉ የምፈራው እሷን ነው፤ እንዳላጣት ከሰው ሁሉ አብልጬ የምፈራላትም እሷ ናት።

በዚያ ሳምንት “እትዬ ታማለች፣ ድረስ” ተባልኩና አሁን ከማስተምርበት ከቦንጋ በጠዋት ወጣሁ። ስደርስ ከገበያው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። “ምነው ዘገየህ” ብላ አልሰደበችኝም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ያከመቻት ነርስ የድሮ ተማሪዬ ናት። ከዓመታት በፊት እዚያው አካባቢ ሳስተምር ከፊት ወንበር ትቀመጥ የነበረች፣ ደብተሯ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ልጅ ነበረች።

“ቲቸር፣ አይደንግጡ” አለችኝ። “የሳንባ ምች ነው። እዚህ ኦክስጅን አልቆብናል፤ ቦንጋ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው፣ አሁኑኑ።”

አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ከወጣ ቆይቷል። ልጅቷ ቆማ ወረቀቱን ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ራሷ አስፋልቱ ድረስ ወጥታ ሚኒባስ አስቆመችልን፤ ተሳፋሪውን ለምና የፊቱን ወንበር አስለቀቀችልን። “ይቺን ልጅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ” ብዬ በልቤ ኮራሁ። እንደዚያ ባለ ሰዓትም ሰው ይኮራል።

ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ዕድሜ፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ ሁሉም በቦታው ተቀምጧል፤ ግሦቹ አልተሳሳቱም። መኪናው ኩርባውን ሲይዝ የእህቴን ራስ በአንድ እጄ ደግፌ በሌላው ወረቀቱን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። አንዲት መስመር ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። ወደ አማርኛ ስመልሳት እንዲህ ትላለች፦ “ታካሚዋን የማይስማሟት መድኃኒቶች አሉ፣ i.e. ፔኒሲሊን።”

መድኃኒቶች ትላለች፤ በብዙ ቁጥር። ቀጥሎ ሁለቱ ፊደሎች። ቀጥሎ አንድ መድኃኒት ብቻ።

እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው ነገሩን ላስረዳ። ይህቺ አይ ኢ ብለን የምንጠራት ምልክት “ይኸውም” ማለት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ያው ራሱ ነው፣ ሌላ የለም። ኢ ጂ የምንላት ሌላዋ ደግሞ “ለምሳሌ” ማለት ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ከብዙው ጥቂቱ ነው፣ ሌላም አለ። “የምንገበያይባቸው ቀኖች፣ ይኸውም ማክሰኞና ቅዳሜ” ያልከው ሰው ሐሙስ ቀን ዝር አይልም። “ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ” ብትለው ግን፣ ሐሙስም ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ተራ ነገር ይመስላል።

እንግሊዝኛውን በትክክል የሚያውቅ ሐኪም ያቺን መስመር “ፔኒሲሊን ብቻ” ብሎ ያነባታል። እኔ ግን የጻፈቻትን ልጅ አውቃለሁ። አይ ኢን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያስተማርኳትም “ለምሳሌ” ማለት ነው ብዬ ነው።

ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲህ ስጽፍ ኖሬያለሁ፦ አይ ኢ ማለት “ኢን ኤግዛምፕል”፣ ኢ ጂ ማለት “ኤግዛምፕል ጊቭን”። እኔም ከመምህሬ የሰማሁት እንዲሁ ነው፤ ፊደሎቹም ልክክ ብለው ይገጥማሉ፣ ማን ይጠረጥራል? አንድ ቀን ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ሁለቱም ለምሳሌ ማለት ከሆኑ ሁለት ለምን አስፈለገ?”

መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ በዚያን ዘመን ከሞት አይሻለኝም ነበር። “አንዱ የእንግሊዝ ነው፣ አንዱ የአሜሪካ” አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። አንገቷን ነቀነቀችና በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፏ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ያቺ ልጅ ናት ዛሬ ነርስ የሆነችው።

ስህተቴን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ሁለቱም ምልክቶች ከላቲን የመጡ መሆናቸውን ነገረን። ላቲን ለነሱ እንደ ግዕዝ ለእኛ ነው፤ ቋንቋው ከአፍ ቢጠፋም ቁርጥራጩ በየወረቀቱ ቀርቷል። እኛስ ወዘተ እያልን ስንጽፍ “ወዘተርፈ”፣ እና የቀረው ማለታችን መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? “እና ወዘተ” የሚል ደብዳቤ በየቢሮው ሞልቷል፤ “እና” ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። በእሱ ግን የሞተ ሰው የለም። እኔ ያን ቀን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ማስታወሻ እንደሚጽፍ ሰው አቀርቅሬ ዋልኩ።

መስከረም ላይ ለአዲሶቹ ተማሪዎች አስተካክዬ አስተማርኩ። ለቀድሞዎቹ ግን ትንፍሽ አላልኩም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ “ቲቸር” ብለው ከወንበር ሲነሱልኝ፣ አንድም ቀን “ያን ነገር ተሳስቼ ነበር” አላልኩም። ሁለት ፊደል ነው፣ ማንን ይገድላል፣ እል ነበር ለራሴ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉን ዞሬ ማየት አልፈለግሁም።

አሁን ሚኒባሱ ውስጥ ያ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ልጅቷ “ለምሳሌ ፔኒሲሊን” ማለቷ ከሆነ ሌላ መድኃኒት አለ ማለት ነው፤ ያም መድኃኒት ወረቀቱ ላይ የለም። እህቴ ቀደም ሲል “መርፌ ወግተውኝ ልሞት ነበር” ስትለኝ ትዝ ይለኛል፤ የቱ መርፌ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሁልጊዜ ልጠይቃት የምመጣው እየቸኮልኩ ነበር።

ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ፣ “እትዬ፣ የማይስማማሽ መርፌ የቱ ነው?” አልኳት።

ዓይኗን ሳትከፍት ሁለት ጣቷን አነሳች።

“ሁለት ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ዓይነት?”

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ሳሉ ነጠቃት። ሲተዋትም መናገር አቃታት፤ ራሷን መልሳ ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከኋላ አንዲት እናት “አይዞዎት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” አሉኝ። እኔም አውቃለሁ፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ልላቸው ነበር።

ለነርሷ ደወልኩ። “ማግኘት አይችሉም” አለችኝ ያቺ የስልኩ ሴትዮ። እንደገና ደወልኩ። የውሽውሽ የሻይ እርሻ በመስኮት እያለፈ፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። በችኮላ አንድ ጊዜ የባለቤቴን ቁጥር ነክቼ “ምን ሆናችኋል?” ስትለኝ ዘጋሁባት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው።

በመሃል ሌላ ፍርሃት መጣ። ከእሷ ጋር የተማሩት ሌሎቹስ? አንዱ ደካ ከተማ ቢሮ ውስጥ ውል ይጽፋል፤ አንዷ ዋጫ ከተማ መድኃኒት ቤት አላት። ሁሉም “ቲቸር ያሉት” ብለው ሁለቱን ፊደሎች በየወረቀቱ እየተከሉ ነው። ያላየኋቸው ወረቀቶች ፊት ለፊቴ ተደረደሩ። ከዚያ እህቴ አቃሰተችና ያን ሁሉ ረሳሁት፤ እሷን ብቻ ማሰብ ቻልኩ።

ቦንጋ ስንገባ ረፋዱ አልፏል። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ቶሎ አደረጉላት፤ ከንፈሯ ትንሽ ቀላ ሲል ልቤም ትንሽ መለስ አለ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ለአገሩ አዲስ፣ ዓይኗ በድካም የቀላ። ወረቀቱን ተቀብላ በፍጥነት አነበበችው።

“ከፔኒሲሊን ሌላ አለርጂ የላቸውም አይደል፣ ጋሼ?”

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ነገር ግን ዞር ስል በሩ ላይ የማውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ የተማሪዎቼ ወላጆች፣ “ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት” የሚሉኝ።

“ወረቀቱ… እንደዚያ ነው የሚለው” አልኩ።

ይህን አልኩ። እህቴ፣ ያሳደገችኝ እህቴ፣ አጠገቤ ለትንፋሿ እየታገለች፣ እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ይህን አልኩ። ብዙ ጊዜ ራሴን ሌላ ሰው አድርጌ ላስብ ሞክሬያለሁ፤ ያቺ ቃል ግን ከእኔ አፍ ነው የወጣችው።

“ፔኒሲሊን ብቻ ከሆነ ይህኛውን በጥንቃቄ መስጠት እንችላለን” አለች ሐኪሟ፣ ለራሷም ለእኔም። ጻፈችና ወደ ሌላ አልጋ ዞረች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወንድ ነርስ በሰሃን መርፌና ነጭ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ ይዞ መጣ። ዱቄቱን በውሃ በጠበጠው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ ወደ መርፌው ሳበው። የእህቴን ክንድ አቀና፤ እጇ ላይ ወደተተከለው ቱቦ ተጠጋ።

“ቆይ! አትስጣት!” ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ነርሱ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሐኪሟ እየተቆጣች መጣች። “ምን ሆነዋል?”

“ሌላም የማይስማማት መድኃኒት አለ። ወረቀቱ ላይ ለምሳሌ ነው የሚለው።”

ወረቀቱን አንስታ አየችው። “አይ ኢ እኮ ነው የሚለው። ይኸውም ማለት ነው፣ ጋሼ። ፔኒሲሊን ብቻ።”

“ለእርስዎ ነው እንጂ ለጻፈችው አይደለም። እሷ ለምሳሌ ማለቷ ነው።”

“እንዴት አወቁ?”

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ነበር። “ያስተማርኳት እኔ ነኝ” አልኩ። “ተሳስቼ ነው ያስተማርኳት።”

ሐኪሟ ለነርሱ በእጇ “ያዘው” የሚል ምልክት ሰጠችውና “ይደውሉላት” አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሃላችን ያዝኩት።

“ቲቸር፣ ደረሳችሁ?”

“ልጄ፣ የእትዬ አለርጂ ምን ምን ነው? ሁሉንም ንገሪኝ።”

“ፔኒሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ነው። ባለፈው ሴፍትሪያክሶን ሲሰጣቸው ወዲያው አበጡ፣ ትንፋሻቸው ሊቆም ነበር፤ በስንት መከራ ነው የተረፉት። እዚህ ካርዳቸው ላይ አለ እኮ።”

ሐኪሟ ሰሃኑን ተመለከተች። እኔም ተመለከትኩ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን በዓይኔ ሳነበው፣ ፊደል በፊደል፣ ያ ስም ነበር።

“ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?” አለች ሐኪሟ ወደ ስልኩ ተጠግታ።

“ጽፌያለሁ እንጂ፣ ዶክተር። ለምሳሌ ፔኒሲሊን ብያለሁ፤ ሌላም እንዳለ አውቀው እንዲጠይቁ። ወዘተ ደግሞ ያልጨመርኩት፣ ቲቸር ‘ለምሳሌ ካላችሁ በኋላ ወዘተ መድገም ስህተት ነው’ ብለውን ነው።”

እሱን በእርግጥ ብያለሁ። ይህኛው ትምህርቴ ትክክል ነበር፤ በፈተናም አወጣው ነበር፣ ለተሳሳተም ነጥብ እቀንስ ነበር። ትክክለኛውን ትምህርቴንና ስህተቴን፣ ሁለቱንም በታማኝነት ይዛ ነበር ልጅቷ። ሁለቱ ተጋግዘው መርፌውን እህቴ ክንድ ድረስ አመጡት።

“አለርጂ በምሳሌ አይጻፍም፣ እህቴ” አለች ሐኪሟ በስልኩ፣ ቆጣ ብላ። “ሁሉም ነው የሚጻፈው።” ከዚያ ብልቃጡን ከሰሃኑ አንስታ ሌላ መድኃኒት አዘዘች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ ለምን ያን ጊዜ እንደመጣ አላውቅም፤ አደጋው ካለፈ በኋላ ነበር የፈራሁት የሚመስለው። ሐኪሟ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ “እንኳን ተናገሩ” አለችኝ። ምን ያህል እንደዘገየሁ አልነገርኳትም።

በአራተኛው ቀን እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ሾርባውን ቀምሳ “ጨው የት ሄደ?” ስትል ዳነች ብዬ አመንኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ዞር አለችብኝ።

“ያን ቀን ምን ብለህ ነው የጮህከው? ሰምቼሃለሁ።”

ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ፊደሎች፣ ስለ እንግሊዝና አሜሪካ፣ ስለ ክረምቱ ሥልጠና፣ በሩ ላይ ስለቆሙት ሰዎችና “እንደዚያ ነው የሚለው” ስላልኩት፣ አንዱንም ሳልሸሽግ። መሃል ላይ ትስቃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ስህተት መሆኑን መቼ ነው ያወቅከው?”

“ሁለት ዓመት ሆነው።”

“ሁለት ዓመት” አለች። ቀስ ብላ ሳለች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። “ያን ወረቀት ይዛ የመጣችው የሌላ ሰው እህት ብትሆን ኖሮ፣ ማን ይጮህላት ነበር?”

“ማንም፣ እትዬ።”

ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“እንግዲያ እነዚያ ተማሪዎችህ እያሉ እኔ ጋ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ?” አለችኝ።